ስለ ዶቃና ስለ ሽቦ ሥራ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ ጡረተኛ አባል የተደረገ ንግግር)



 በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥ።

እንደምታውቁኝ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ገቢና ወጪ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ንግግር የማድረግ ልምድ የለኝም። ዛሬ የቆምኩት ዳኛችን «በአንተ ላይ የሚወራውን አንተው ራስህ ተናገረው» ስላሉኝ ነው።

የሚወራው ምንድነው? «ሰውዬው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጨሌ አስቀምጧል፤ ቤቱ በዶቃ ተሞልቷል» የሚል ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሐሜቱ ብቻውን ቢሆን አይከብደኝም ነበር። የከበደኝ፣ አንድ ቀን እኔም ስሞት «ይሄ ጨሌ አምላኪ ነው» ተብሎ ድንኳኑ ባይተከልልኝስ፣ ሳጥኔን የሚሸከም ባይገኝስ የሚለው ሐሳብ ነው። በመተማ ሙቀት አስከሬን አያድርም፤ ጎረቤት የሌለው ሰው ወዮለት። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችው አንድ የአንገት ዶቃ ነበራት። እንደ ባህላችን በኀዘን ጊዜ ጌጥ ይወልቃልና፣ ታላቅ ወንድሟ የሞተ ዕለት አውልቃ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ አላደረገችውም። እሷም አለፈች። አርባዋ ከወጣ በኋላ ሣጥኑን ከፍቼ ዶቃውን ብድግ ባደርገው፣ ክሩ በስብሶ ኖሮ ተበጠሰና ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አንዳንዱ የሰሊጥ ፍሬ ቢበልጥ በጥቂት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በጉልበቴ እየዳህኩ በባትሪ ለቀምኩት። ቆጠርኩት፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ። የጸሐፊ ነገር፣ በወረቀት ላይ መዘገብኩት።

የልጄ ልጅ «አባባ፣ ለሠርጌ እሱን ነው የማደርገው» ስላለችኝ መልሼ ልሰካው ተነሣሁ። ግን ማን ያሳየኛል? በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ በገላባት በኩል ስንት ሰው እንደገባ ሁላችሁም አይታችኋል። በግቢዬ አንድ ክፍል የተከራየች ሱዳናዊት እናት ነበረች። እነሱ ትንንሹን ዶቃ ሱክሱክ ይሉታል። በአገሯ በሠርግ ጊዜ ጅርቲግ በሚሉት ሥርዓት ለሙሽሮች ቀይ የሐር ክር ከዶቃ ጋር ስለሚታሰር፣ ሥራውን ታውቀዋለች። «ሐጅ፣ አንተ ክሩን እንደ ገመድ ትጎትተዋለህ» ብላ ሳቀችብኝና አስተማረችኝ። በየዶቃው መካከል አንዳንድ ቋጠሮ ይደረጋል። ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ዶቃ ብቻ ነው፤ ሌላው ባለበት ይቆማል። ባለቤቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ እኔ ሦስት ቀን ባልዳህኩ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው። ኀዘንተኛ ሰው ማታ ማታ እጁ ሥራ ካልያዘ ሐሳቡ ያሰናክለዋል። እኔ በምሽት አንድ ሰዓት ስሰካ እንቅልፍ ይመጣልኛል። ከዶቃው ወደ ሽቦ ገባሁ።

ስለ ሽቦው ጥቂት ልናገር፤ የሚማርበት ወጣት ይኖራልና። መሣሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ጫፈ ሹል ፒንሳ፣ አንድ መቁረጫ፣ አንድ ሞረድ። ሽቦውን በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ እንደ ምንጭር ጠምጥሞ፣ ጥምጥሙን በአንድ ጎኑ ቀጥ አድርጎ ቢቆርጡት ብዙ እኩል ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱን እያያያዙ ሰንሰለት ይሠራል። የመዳብ ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደርቃል፤ ዝም ብለው ቢያጥፉት ይሰበራል። ያን ጊዜ በከሰል ላይ ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ አግሎ ውሃ ውስጥ ቢነክሩት እንደገና ይለሰልሳል። በእኛ አገር ላብ መዳብ አንገት ላይ አረንጓዴ ያወጣል፤ በሎሚና በጨው ቢፈትጉት ይጠራል። ጆሮዋ የሚያሳክካት ልጅ ካለች የጉትቻው መንጠልጠያ ብር ቢሆን ይሻላታል።

ይህ ሥራ ለመተማ እንግዳ አይደለም። ድሮ በግመልና በአህያ ከጎንደር ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው እዚህ ይወርድ ነበር፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ ጥጡና ሸቀጡ ይወጣል። ከሸቀጡም አንዱ ዶቃ ነበር። የመስታወቱ ዶቃ አብዛኛው በኢጣሊያ አገር በቬኒስ የሚሠራ ነበር። በመተማና በቋራ ያሉት የጉሙዝ ወገኖቻችን ወንዱም ሴቱም በዶቃ ሲያጌጡ ማን ያላየ አለ? እነሱ ሲያደርጉት ጌጥ፣ እኔ ስሠራው ጨሌ ይሆናል እንዴ?

ሌላም አለ። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ እናቶች ከጥይት ቀለህ ናስ እየተቀለጠ በሚሠራ ዶቃ ሐብል ሰክተው ኑሯቸውን ይደጉማሉ። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ይህች ከተማ ዮሐንስ የሚለውን ስሟን ያገኘችው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. እዚሁ ተዋግተው ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ ነው። ቀለህ የማያውቅ ልጅ እዚህ የለም። ሰው የገደለ ናስ ለሙሽራ አንገት ሲውል ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አደራ ወጣቶች፣ ያልተተኮሰ ጥይት ወደ እሳት እንዳታቀርቡ። በደቡብ አፍሪካም የዙሉ የሌሊት ዘበኞች በስልክ ሽቦ ቁራጭ ዱላቸውን ሲጠመጥሙ ጀምረው፣ ዛሬ በዚያው ሽቦ የሚሠሩት ቀለማም ሰሃን በዓለም ይሸጣል።

አሁን ወደ ጨሌው ልመለስ። በአገራችን ዶቃ ሰቅሎ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዶሮ አርዶ ዛር የሚለማመን ሰው እንዳለ አልክድም፤ ስለዚህ የተጠራጠረኝን ሰው አልቀየምም። ግን ጥፋቱ ከዶቃው አይደለም። የክርስቲያኑ መቁጠሪያ አርባ አንድ ወይም ስልሳ አራት ፍሬ ነው፤ የእስላሙ ተስቢህ ሠላሳ ሦስት ወይም ዘጠና ዘጠኝ ነው። ሁለቱም በክር የተሰካ ፍሬ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚለመነው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ስህተቴን ልናዘዝ። ለአንድ ሼህ ጎረቤቴ ተስቢህ ሠርቼ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ይዘውት መጡና «አንተ የመንግሥት ጸሐፊ፣ ሒሳብ አጉድለሃል» አሉኝ። ብቆጥረው ዘጠና ስምንት ሆነ! ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድለት ያልተገኘብኝ ሰው በአንድ ዶቃ ተያዝኩ። አሁን ሦስት ጊዜ ሳልቆጥር አልቋጥርም።

ባለፈው ጾም የእድሩ ኮሚቴ ሁለት ሽማግሌዎች ልኮብኝ ነበር። አንዱ ቄስ ናቸው። በደስታ አስገባኋቸው፤ ጓዳውን፣ ሣጥኑን፣ አልጋ ሥሩን ሁሉ አሳየኋቸው። ሻይ ጠጡ። ሊወጡ ሲሉ ቄሱ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና የተበጠሰ መቁጠሪያ አውጥተው «እስቲ ይቺን አብጅልኝ» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ፍርድ ምን አለ?

እኔም በልጅነቴ ጥፋተኛ ነኝ። አንጥረኛና ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂና ሸክላ ሠሪ «ጠይብ፣ ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ አብሬ ስቄአለሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፣ አፋችን ግን አልተመለሰም። ዛሬ በኔ ሲደርስ ነው የገባኝ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። ሁለት ልጆች ጥቅል የመዳብ ሽቦ በርካሽ ሊሸጡልኝ መጡ። ጫፉን ሳየው በመጥረቢያ የተቆረጠ ነው፤ ከመስመር የተወሰደ መሆኑ ገባኝ። መለስኳቸው። እኔ የምጠቀመው ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቤት ሲያስገቡ የሚጥሉትን ቁራጭ ነው፤ እሱንም ጠይቄ ነው የምወስደው። መስመር ሲቆረጥ የሚጎዳው መሥሪያ ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። ጥሩምባ የሚሰማው ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ጎንደር ላለ ልጅ የእናቱን መርዶ የሚያደርሰው ስልክ ነው። ስልኩ ከጠፋ ልጅ እናቱን ሳይቀብር ይቀራል። በእንዲህ ያለ ሽቦ የተሠራ ጌጥ ለማንም አያምርም።

በመጨረሻ ሐሳብ ላቅርብ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእድራችን የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ደጃፍ ባዶ ነው። ከተፈቀደልኝ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸውን ልጆችና ሥራ ያጡ እናቶችን በነጻ ላሳይ ዝግጁ ነኝ። ፒንሳዎቹን እኔ አመጣለሁ። ሀብታም ያደርጋል አልልም፤ እኔ ካገኘሁት ላይ የዓመቱን የእድር መዋጮዬን ከፍዬበታለሁ፣ ያ ይበቃኛል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዶቃው አይመጣም፤ ያን ጊዜ በሽቦው ብቻ እንሠራለን።

የልጄ ልጅ በጥር ተዳረች። የአያቷን ዶቃ አድርጋ ስትወጣ አየኋት። የአንዱ ቦታ ሌላ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛውን ከወለሉ ስንጥቅ ማውጣት አቅቶኝ ከሱዳናዊቷ እናት የተሰጠኝን ሰማያዊ ሱክሱክ ነው ያስገባሁበት። ማንም አላወቀውም፤ እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እናንተም ባለቤቴን ስትቀብሩልኝ ሸክሜን ጌጥ አድርጋችሁልኛል። የቀረውንም ዕድሜ ሳትጠረጥሩኝ እንድንኖር እለምናችኋለሁ።