ውሃውም ቆሻሻውም የጋራ ነው፤ የጋራ የፕላን ኮሚሽን ለምን ያስፈልጋል?

ለከተማ መራጮች የተደረገ ንግግር




ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሥራ አጥነትና ስለ ፍትሕ የፓርቲያችንን አቋም ባልደረቦቼ በሰፊው ያስረዷችኋል። እኔ ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት ስለ ፕላን ልናገር ነው። ፕላን ደረቅ ወሬ ይመስላል። ደረቅ የሚመስለው ግን አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ላልተደረገበት ሰው ነው።

ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ ካገኛችሁ (ፈረቃችሁ ከሆነ ማለቴ ነው) ያ ውሃ ከየት መጣ? የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ሦስቱም ከአዲስ አበባ የአስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው። ከከተማዋ የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ በመንገዱ ላይ ያለው ገበሬ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ጎመኑን ያለማበታል። ንጹሑን ከጎረቤት ተቀብለን የቆሸሸውን መልሰን ለጎረቤት እንልካለን ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱ ወገኖች በእኩልነት ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ ሕዝብ ገብቶ የሚያዳምጠው ቋሚ መድረክ ግን አላቆምንም።

የዚህን ዋጋ ስንዳፋ ላይ አይተነዋል። ቆሼ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻ ተሸክሞ ሞልቶ ነበርና በስንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን አለቁ፣ ሽታው አላስቀምጥ አለን ብለው ተነሡ። በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የስንዳፋ ገበሬ ጥፋተኛ ነው የሚል ካለ እኔ አልቀበለውም። ማንም ሰው ደጁ ላይ የከተማ ቆሻሻ ሲደፋበት ዝም አይልም። ጥፋቱ የገበሬው ጥያቄ ግንባታው ካለቀና ገንዘቡ ከፈሰሰ በኋላ መሰማቱ ነው።

የተቀናጀው ማስተር ፕላን ታሪክም ይኸው ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተነሥቶ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሠረዘ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ግን የስንት እናት ልጅ ወደቀ! የመንግሥት የሆነው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ራሱ በሰኔ 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ 173 ሰው መሞቱን ተናግሯል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ ቁጥሩን ከ400 በላይ አድርሶታል።

ከተማንና ዙሪያውን አንድ ላይ አድርጎ ማሰብ በራሱ ኃጢአት ነበር? አልነበረም። እንግሊዛዊው የፕላን ባለሙያ ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ባዘጋጀው ማስተር ፕላን ዙሪያውን የሳተላይት ከተሞች አስቦ ነበር። ሐሳቡን የገደለው አሠራሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው ካለፉት አምስት ዓመታት ተሰልቶ የአማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዓመት ልጁ ምን ይብላ? በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን አሻሽሏል፤ ይህን አንክድም። ግን ካሳ የሚሰላው ከተወሰነ በኋላ ነው። እኛ የምንናገረው ከመወሰኑ በፊት ስላለው ጊዜ ነው።

ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን የከተማ ፕላን መርሆዎች ብሎ ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም በሕግ ይዘረዘራል ካለ በኋላ ረቂቁ ለምክር ቤት የቀረበው በሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብሔራዊ ፕላን ኮሚሽንም በ2005 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ2014 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆኗል፤ እሱ ግን የአገር ዕድገት ያቅዳል እንጂ የለገዳዲን ገበሬና የመርካቶን ነጋዴ አያነጋግርም።

ፓርቲያችን የሚያቀርበው የጋራ የፕላን ኮሚሽን ነው። ግማሾቹ አባላት በከተማው ምክር ቤት፣ ግማሾቹ በአጎራባች ወረዳዎችና ከተሞች ምክር ቤቶች ይመረጣሉ፤ ተጠሪነቱም ለሁለቱ ይሆናል። ወሰን የመንካት ሥልጣን ፈጽሞ አይኖረውም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ፕላን በተባለ ቁጥር ወሰን ሊገፉ ነው የሚል ሥጋት አለ፣ ሥጋቱም ከሜዳ አልመጣም። የኮሚሽኑ ጉዳይ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ መንገድና ጎርፍ ነው። አባላቱ መሬትና ቤታቸውን ያስመዘግባሉ፤ መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ይዞታ ያለው አባል በዚያ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም። ካርታው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ ከውሳኔው 90 ቀን በፊት በየወረዳው በር ይለጠፋል።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለፕላን ውይይት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ካርታው ከመድረኩ ጀርባ ከሩቅ ተሰቅሏል፤ የቀበሌያችን ስም እንኳ አይነበብም። ሻይ ጠጥተን፣ አጨብጭበን ተመለስን። በሦስተኛው ወር ሰፈራችን ተለካ። ቃለ ጉባዔው ላይ “ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተቀበለ” ተብሎ ተጽፏል።

ሌላ ቢሮክራሲ ልትፈጥሩ ነው፣ ልማት ይዘገያል የሚሉን አሉ። አዎን፣ ይዘገያል። 90 ቀን ይዘገያል። ስንዳፋ ስንት ዓመት አዘገየን?

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻም አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የወረደው ከከተማዋ አስተዳደር ውጭ ካሉ ደጋዎች ነው። ከተማዋ ብቻዋን ምንም ያህል ግንብ ብትገነባ፣ ላይኛው ተራራ ላይ ዛፍ የሚተከለው ከጎረቤት ጋር በመስማማት ነው። የሐዋሳ ሐይቅም ዳርቻው የሁለት ክልሎች ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ስድስት ከተሞች ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲባሉ ቤታችሁ የፈረሰባችሁ በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኮሚሽኑ የፈረሰውን ቤት አይመልስም፤ እመልሳለሁ ብዬም ድምፃችሁን አልለምንም። የሚቀጥለው ካርታ ግን እናንተ ሳታዩት እንዳይጸድቅ በምክር ቤት እንታገላለን።

እኔ ብዙ ተናገርኩ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ቅድም ስንገባ ስለ ካሳ የጠየቁኝ እናት ከፊት ተቀምጠዋል፣ ማይክራፎኑን ለእሳቸው ስጧቸው።