የምርጫ ቀን የማን ነው? የአካባቢና የትምህርት ቦርድ ምርጫዎችን በአንድ ቀን ስለማካሄድ



ስለ ምርጫ ሥርዓት ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው ማን ይመርጣል፣ ማን ይመረጣል፣ ድምፁስ እንዴት ይቆጠራል የሚለውን ነው። መቼ የሚለውን ጥያቄ ግን ለምርጫ አስፈጻሚዎች የጊዜ ሰሌዳ እንተወዋለን። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው የምርጫ ቀን ራሱ ሥልጣን የሚያከፋፍል ሕግ መሆኑን ነው። ምሳሌዬን የምወስደው ይህ ክርክር በስፋት ከተካሄደባት ከአሜሪካ ነው፤ በዚያ ክፍል የምጠራቸው ዓመታትም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በማርች 2015 ለጥናት ሎስ አንጀለስ ነበርሁ። ያስጠጉኝ ሁለት ልጆቻቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። ዜግነት ካገኙ በኋላ ፕሬዚዳንት በተመረጠበት ቀን ረጅም ሰልፍ ቆመው ድምፅ እንደ ሰጡ በኩራት አጫውተውኛል። አንድ ማክሰኞ ምሽት፣ «የትምህርት ቦርዱ ምርጫ እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የምን ምርጫ ወንድሜ? ፕሬዚዳንቱን እኮ መርጠናል» አሉኝ። ምርጫው የተካሄደው በዚያው ዕለት ነበር፤ ጣቢያዎቹም ገና መዘጋታቸው ነበር።

እኚህ እናት ግዴለሽ አልነበሩም፤ ከወላጆች ስብሰባ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ሰባት አባላት ያሉት ያ ቦርድ በአገሪቱ በትልቅነቱ ሁለተኛ የሆነውን የትምህርት ወረዳ በጀት ያጸድቃል፣ የበላይ ኃላፊውን ይሾማል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ይዘጋል። በልጆቻቸው ዕጣ ላይ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ቅርብ የነበረው ይህ ቦርድ ነው። ሆኖም የሚመረጥበትን ቀን አላወቁም።

ይህ አሠራር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተነሡ የከተማ አስተዳደር ተሐድሶ አራማጆች የከተማና የትምህርት ቤት ጉዳይ ከአገር አቀፍ ፓርቲዎች ሽኩቻ መራቅ አለበት ብለው ተከራከሩ። መንገድ መጥረግም ሆነ ልጅ ማስተማር የፓርቲ ወገንተኝነት አያሻውም፤ ቀኑ ከተለየ መራጩ በአካባቢው ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል የሚል ነበር አሳባቸው። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ቀኑ ሲለይ ከመራጩ አብዛኛው ቀረ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ሣራ አንዚያ በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ጥቂት ሰው በሚመርጥበት ቀን የተደራጁ ቡድኖች ድምፅ ክብደቱ ይጨምራል። የመምህራን ማኅበር፣ የሕንፃ ተቋራጭ ወይም የንብረት ባለቤቶች ስብስብ አባላቱን ቀስቅሶ ማውጣት ይችላል። ያልተደራጀው ወላጅ ግን ቀስቃሽ የለውም።

ሎስ አንጀለስ በ2013 ከንቲባዋን በመጨረሻው ዙር ስትመርጥ ድምፅ የሰጠው ከተመዘገበው መራጭ 23 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2017ም 20 በመቶ ገደማ። በዚያ በማርች 2015 ዕለት ግን መራጩ የከተማውና የትምህርት ቦርዱ ምርጫ ተጋማሽ ቁጥር ወዳላቸው ዓመታት፣ ከአገር አቀፍና ከክፍለ ግዛት ምርጫ ጋር፣ ከ2020 ጀምሮ እንዲዛወር ወሰነ። ይህን የወሰነው ከአሥር ተመዝጋቢ አንዱ ያህል ብቻ መሆኑ ጉዳዩን ራሱን ያስረዳል። በኖቬምበር 2022 ከንቲባ ሲመረጥ ተሳትፎው ወደ 44 በመቶ አደገ። በዚያን ጊዜ የድምፅ መስጫ ወረቀት ለተመዝጋቢው ሁሉ በፖስታ ይላክ ስለ ነበር ለውጡ የቀኑ ብቻ ነው አልልም፤ ቀኑ ግን ትልቅ ድርሻ አለው።

የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛትም በ2015 ሕግ አወጣ። ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በዚህ ሕግ መሠረት፣ በተለየ ቀን የሚካሄድ የአካባቢ ምርጫ ተሳትፎው ካለፉት አራት ክፍለ ግዛት አቀፍ ጠቅላላ ምርጫዎች አማካይ ቢያንስ በ25 በመቶ ካነሰ ቀኑን ማዛወር ግዴታ ይሆናል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ሦስት ነገር አለ፤ ሦስቱም መልስ ይሻሉ።

አንደኛው፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ይረዝማል፤ መራጩ ከላይ ያለውን ፕሬዚዳንት መርጦ ከታች የሰፈረውን የትምህርት ቦርድ ባዶ ትቶ ያልፋል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ከሚመጣው ብዙ መራጭ ጥቂቱ ታችኛውን ቢተወው እንኳ፣ የሚቀረው በተለየ ቀን ከሚመጣው እጅግ ይበልጣል።

ሁለተኛው የሥራ ዘመን ነው። ቀን ሲዛወር በሥልጣን ላይ ያለው ወይ ያጥርበታል ወይ ይረዝምለታል። ሎስ አንጀለስ በ2015 እና በ2017 ለተመረጡት አምስት ዓመት ተኩል ሰጠች። ይህ የሚገባው አስቀድሞ በሕግ ሲወሰን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሲሆንና መራጩ ራሱ ሲያጸድቀው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደኛል። ኒው ጀርዚ በ2012 ባወጣችው ሕግ የትምህርት ወረዳዎች ምርጫቸውን ከኤፕሪል ወደ ኖቬምበር እንዲያዛውሩ ፈቀደች፤ የሚበዙትም አዛወሩ። ማበረታቻው ግን የግብር ጭማሪው ከ2 በመቶው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ዓመታዊውን በጀት ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ መቅረቱ ነበር። ብዙ ሰው እንዲመርጥ ተደረገ፤ የሚመርጥበት ጉዳይ ግን ቀነሰ። ስለዚህ ቀን የማዋሐድ ሕግ ሲቀርብላችሁ «ስንት ሰው ይጨምራል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «ከሕዝቡ እጅ ምን ይወጣል?» ብላችሁም ጠይቁ።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ቀኑ ይዋሐድ፤ ሥልጣኑ ግን አይቀነስ። የአካባቢው ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ጎልቶ ይስፈር፤ ስለ ዕጩዎቹም መራጩ በሚያነበው ቋንቋ መግለጫ ይድረሰው።

ለእኛስ? ከዚህ በኋላ የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ የከተማውን ምክር ቤት በ1997 ዓ.ም. ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋር በአንድ ቀን መረጠ፤ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ከአካባቢ ምርጫ ጋር መረጠ፤ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተራዝሞ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ከአገር አቀፉ ጋር ተጣመረ። ፖለቲካው በየጊዜው ስለ ተለዋወጠ የቀኑን ውጤት ለይቶ መለካት ያዳግታል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ቀኑ ተለይቶም ሆነ ተጣምሮ፣ አስቀድሞ በሕግ የታወቀ ካልሆነ መራጩ ሊጠብቀው አይችልም።

ውድ ተማሪዎች፤ ጥናታችሁን ከቅርብ ጀምሩ። በየሰፈራችሁ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት የሚመረጡበት ስብሰባ በምን ቀንና ሰዓት እንደሚጠራ መዝግቡ። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ከሆነ፣ የቀን ሠራተኛው አባትና ጉልት የምትውለው እናት ዕጩዎቹን ከማየታቸው በፊት ከምርጫው ውጪ ሆነዋል። ማንም አልከለከላቸውም፤ ቀኑ ግን አስቀርቷቸዋል።