የሚያቀረሽ ሕፃንና የእናት ማዕድ

ሄለን፦ ሕፃን ጠብቶ ባቀረሸ ቁጥር ቤቱ ይሸበራል። ክብደቱ እየጨመረ፣ እየተጫወተ የሚያቀረሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የጨጓራው መግቢያ ገና አልጠነከረም፤ ብዙዎቹ ዓመት ሲሞላቸው ይተውታል።

ዳዊት፦ ሰገራው ላይ ደምና ንፍጥ የሚታየውስ?

ሄለን፦ እሱን ሐኪም ይየው። የላም ወተት ፕሮቲን በጡት በኩል አልፎ ሊያስቆጣው ይችላል። ያኔ እናትየው በሐኪም ምክር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወተት፣ አይብና ቅቤ ትታ፣ ከዚያ መልሳ ትሞክራለች።

ዳዊት፦ አራስ ያለ ቅቤ? እናቴ ብትሰማሽ!

ሄለን፦ የጾም ወጥ ለእኛ ማን ያስተምረናል? ሽሮው በዘይት፣ አጥሚቱ በውኃ። ሥጋና እንቁላል ግን አይቀርም፤ ማጥባቱም አይቋረጥም።

ዳዊት፦ ለሕፃኑ የፍየል ወተትስ?

ሄለን፦ ፕሮቲኑ ይመሳሰላል፤ መፍትሔ አይሆንም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ! የአብሽ ውኃና ቅቤ ማዋጥ ይቅር፤ አያቶች ይቅር ይበሉኝ።

ዳዊት፦ እናቶች፣ ካጠባችሁ በኋላ እስኪያገሳ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሲተኛ በጀርባው ይሁን። አረንጓዴ ካስመለሰው ግን ለነገ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት።