የወረቀቷ ቡና ዋጋ ስንት ነው?

በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ የመጣነው የዓመቱን ሪፖርት ልናነብ አይደለም። ለአሻንጉሊት ቤት ከወረቀትና ከሽቦ ስለምንሠራት ትንሿ ቡና ልንነግራችሁ ነው።

የአሻንጉሊት ቤት የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በዊንድሶር ቤተ መንግሥት የሚታየው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 የተሠራ ሲሆን የራሱ የአትክልት ቦታም አለው። ልኩ የእውነተኛው ቤት 1/12ኛ ነው። እኛም የምንሠራው በዚሁ ልክ ነው፦ 2 ሜትር ከ40 የሆነ የቡና ተክል 20 ሳንቲ ሜትር፣ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅጠል 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ግንዱ ቀጫጭን ሽቦ ተገምዶ ይሠራል። የብረት ሽቦ በክረምታችን እርጥበት ዝጎ ወረቀቱን ስለሚያበላሽ፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ ይሻላል። ለቅጠሉ አረንጓዴ ወረቀት አጥፈን እንቆርጣለን፤ የእጥፋቱ መስመር የቅጠሉ ጅማት ይሆናል። ቅጠሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገን ፊት ለፊት እንለጥፋለን፤ የቡና ቅጠል የሚወጣው እንዲያ ነውና። ፍሬው በቀይ የጥፍር ቀለም የተነከረ የጎመን ዘር ነው፤ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታ ሰብሰብ አድርገን እናጣብቀዋለን። ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አናደርግም። አበባው ከዝናብ በኋላ ፈክቶ በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ ፍሬው የሚቀላው ከወራት በኋላ ነው። ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ የመጣ ገዢ ይህን ወዲያው ያያል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ገዢ «ወረቀት አይደለም እንዴ?» ሲለን ብዙዎቻችን ዋጋ እንቀንሳለን። እውነት ነው፣ ወረቀቱ፣ ሙጫውና ሽቦው ብዙ ገንዘብ አይፈጁም። ብዙ የሚፈጀው የእጅ ሰዓት ነው፤ እሱ ግን መዝገባችን ላይ የለም። በወረቀትና በሽቦ ወጪ ብቻ የተሸጠች ቡና ማለት፣ ሠሪዋ ጉልበቷን ለገዢው በነፃ ሰጥታለች ማለት ነው።

የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙ የከተማችን የነቀምቴ ስም ነው። የአረቢካ ቡና ዋጋ ግን የሚነሳውና የሚወድቀው ኒው ዮርክ ላይ ነው፤ የለቀመችው እናት አትጠየቅም። በወረቀቷ ቡና ላይ ግን ዋጋ ቆራጮቹ እኛ ነን። ይህን መብት በገዛ እጃችን አንጣለው።

ስለዚህ እያንዳንዷ ሠሪ ሥራ የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን ሰዓት በደብተር ትጻፍ። መጻፍ የማትችል እህት ካለች አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት። በዋጋው ላይ የቁሳቁሱ፣ የሰዓቱና ለማኅበሩ የሚገባው ድርሻ ለየብቻ ይታይ። የዕቁባችንን ሒሳብ ሳንቲም ሳናጎድል የምንይዝ ሴቶች ይህ አያቅተንም።

ደጋፊዎቻችንም አዝናችሁልን አትግዙን። ቅጠሏን ቁጠሩ፣ ጥንድ መሆኗን እዩ፣ ከወደዳችኋት በዋጋዋ ውሰዷት። ቀድማችሁ ብታዙን ደግሞ ሥራውን በጊዜ አከፋፍለን ለመሥራት ይረዳናል።