የቀለም እውነት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በጅጋ ገበያ ለቀሚስ ጥለት የሚሆን ክር የምትገዛ ሴት ከሱቁ ውስጥ ቆማ አትወስንም። ነጋዴው የቱንም ያህል ቢያሞግስላት ክሩን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣለች፤ ከፀሐይ ላይ አድርጋ ታገላብጠዋለች፤ ስለ ዋጋው የምትነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። በከብት ተራም ያለው ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በሬ የሚገዛ ገበሬ «ቀይ ነው» ብሎ አያበቃም፤ ቡሬውን ከዳለቻው፣ ዳለቻውን ከመጋላው ለይቶ ይጠራል፤ ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላም የበሬ መልክ አይመረምርም። እኔም በዚህ አገር ያደግሁ ሰው እንደ መሆኔ የሱቅ ብርሃን እንደሚያታልል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ብሩሼን አስቀምጬ በኮምፒውተር መሣል በጀመርሁ ጊዜ ይህን ዕውቀቴን ከደጅ ትቼው ገባሁ። ስለ ሞኒተር አመራረጥ እንድናገር በጋበዛችሁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይኸው ጥፋቴ ስለሆነ ንግግሬን ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢያችን የሚገኝ አንድ ደብር ለዓመታዊ በዓሉ መታሰቢያ የሚሆን የእመቤታችንን ሥዕል እንድሠራ አዘዘኝ። ሥዕሉ ታትሞ ለምእመናን የሚታደል ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረኝ አንድ ርካሽ ላፕቶፕ ብቻ ነው። የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ሰማያዊ ቀባሁት፤ ስክሪኑ ግን ሰማያዊውን አደብዝዞ፣ ግራጫ አስመስሎ ያሳየኝ ነበር። ስለዚህ አደመቅሁት፤ አልበቃ ቢለኝ እንደገና አደመቅሁት። በዓይኔ ፊት ያለው መልክ ደስ ባሰኘኝ ጊዜ በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው ቁጥር የተለመደው የማተሚያ ቀለም ሊደርስበት የማይችል ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሥራው ከማተሚያ ቤት ሲመጣ መጎናጸፊያው ወይን ጠጅ ሆኖ አገኘነው። አንድ አረጋዊ መሪጌታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ የማን ልብስ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም። አምስት መቶው ቅጅ ሳይታደል ቀረ፤ የሁለተኛውንም ህትመት ዋጋ ከኪሴ ከፈልሁ። አታሚው ያተመው የላክሁለትን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም የመስታወት ሥራ ማሰብ ይጠቅማል። 150 ካሬ ሜትር የሚያህለው ያ ሥራ መልኩን የሚያገኘው ከበስተጀርባው ከሚመጣው ብርሃን ነው። አብዛኛው ሞኒተርም እንዲሁ ከኋላው መብራት የበራለት፣ እያንዳንዱ ነጥብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የተከፈለ የመስታወት መስኮት ነው። የታተመ ወረቀት ወይም የተቀባ ሸራ ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ በላዩ ካረፈው ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል። በመሆኑም ሁለቱ ፍጹም አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ለእኛ ጥሩ ሞኒተር የሚባለው ልዩነታቸውን አስቀድሞ የሚያሳውቀን ነው እንጂ፣ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ደምቆ የሚታየው አይደለም።

ከመግዛታችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን ስክሪኑ የሚያሳየው የቀለም ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት የተባሉት ኩባንያዎች ኤስ አር ጂ ቢ የተሰኘውን የጋራ የቀለም ልክ አቀረቡ፤ በ1999ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። በኢንተርኔት የሚሠራጨው ሥዕል አብዛኛው በዚህ ልክ የተሰፋ ነው። ስለሆነም ለሠዓሊ ዝቅተኛው ወሰን ይህን ልክ ሙሉ በሙሉ፣ ወይም ለሙሉ እጅግ በቀረበ መጠን የሚሸፍን ሞኒተር ነው። በዚህ ላይ ከነጋዴዎች አነጋገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ «45 በመቶ ኤን ቲ ኤስ ሲ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1953 ለአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የወጣ አሮጌ ልክ ሲሆን፣ በእርሱ 72 በመቶ ማለት በስፋቱ ከሙሉው ኤስ አር ጂ ቢ ጋር የሚመጣጠን ነው። 45 በመቶው ግን ከኤስ አር ጂ ቢ ስፋት ከስድሳ በመቶ ብዙም አይበልጥም። የእኔ ላፕቶፕ ከነዚህ አንዱ ነበር። ከቀለም ሳጥኔ ሲሶው ተሰርቆ ሳለ ሳላውቅ እሥል ነበር ማለት ነው።

ዋና ሥራው ለህትመት የሆነ ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን አዶቢ አር ጂ ቢ የሚባለውን ሰፊ ልክ የሚያሳይ ሞኒተር ቢያገኝ ይጠቀማል፤ በማተሚያ ከሚገኙት አረንጓዴዎችና የውሃ ሰማያዊዎች አንዳንዶቹ ከኤስ አር ጂ ቢ ወሰን ውጭ ናቸውና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰፊ ሞኒተር የቀለምን ልክ በማያውቅ ፕሮግራም ሲታይ ቀዩን ሁሉ እንደ እሳት ያነደዋል። ሥዕላችን የሚታየው በስልክ ብቻ ከሆነ ትርፉ ወጪ ነው።

ስለ ስክሪኑ ዓይነት በአጭሩ ልናገር። አይ ፒ ኤስ የተባለው ከጎንም ቢያዩት መልኩን እምብዛም አይለውጥም። ቲ ኤን የሚባለው ርካሽ ዓይነት ግን ራሳችሁን ቀና ወይም ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር የሣላችሁትን ፊት ያጠቁረዋል፣ ያነጣዋል። ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት፣ ማለትም 256 ደረጃ ያለው ይሁን፤ ከዚህ ያነሰው በሰማይ ሥዕል ላይ እንደ እርከን የተደረደሩ መስመሮችን ሊያወጣ ይችላል። በመጠን 24 ኢንች በ1920 በ1080 ነጥብ ይበቃል፤ 27 ኢንች የሚሻ 2560 በ1440 ይፈልግ። ለጨዋታ የሚሞገሰው ፍጥነት ለእኛ ምንም አይጨምርልን።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ በፍላሽ ወጥ የሆነ ግራጫ ምስል ይዛችሁ ሂዱና ስክሪኑን በሙሉ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ክፈቱት። በአንዱ ማዕዘን ወደ ሐምራዊ፣ በሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ተዉት፤ ባለሱቁ ምንም ቢምል። ይህ ፈተና የጥለት ገዢዋን ወደ ደጅ መውጣት ይመስለኛል።

የሆነ ሆኖ ሞኒተር ራሱን በራሱ አይመሰክርም። አዲስ ሲገዛ ለሱቅ ብርሃን ተብሎ እጅግ ደምቆ ይመጣል፤ ከጊዜ ብዛትም መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ቀለሙን በሚለካ መሣሪያ፣ ቢቻል በየወሩ፣ መለካትና ማስተካከል ያስፈልጋል። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ከሞቀ በኋላ፣ ነጩ 6500 ኬልቪን፣ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወጣው የብርሃን መሰላል፣ ማለትም ጋማው፣ 2.2፣ ድምቀቱም በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ እንዲሆን ይደረጋል። ዴልታ ኢ የሚባለው የስሕተት መጠን ከ2 በታች ከሆነ ዓይን ልዩነቱን በቀላሉ አይለየውም። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቀላው የዓይን መጠበቂያም መጥፋት አለበት፤ ይህን ረስቼ ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁትን ሥዕል ጧት እንደገና የቀባሁበት ጊዜ አለ።

ክፍሉም ከሞኒተሩ ያልተናነሰ ነው። ግድግዳችንን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መቀባት እንወዳለን፤ ዓይንም ከግድግዳው ጋር ይላመድና በስክሪኑ ላይ ያለውን ይሳሳታል። እኔ በበኩሌ ከሞኒተሩ በስተጀርባ ግራጫ ጨርቅ ሰቅያለሁ፤ ጠረጴዛዬንም መስኮቱ በጎኔ እንዲሆን አዙሬዋለሁ። የመብራቱን መዋዠቅ ለሚቆጣጠረው እስታቢላይዘር የሚወጣውም ገንዘብ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ይህን ሁሉ የምናገረው ስለ በዓል ሥዕል ብቻ ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ብዙ ሺህ መጻሕፍትን ለትውልድ ያተረፈ ታላቅ ሥራ ነው፤ በአመዛኙ ግን በጥቁርና ነጭ የተነሣ በመሆኑ የሐረጉንና የሥዕሉን መልክ ሊነግረን አይችልም። ዛሬ ከመካከላችን ብዙዎች የየአጥቢያቸውን ብራናና የግድግዳ ሥዕል በቀለም ያነሣሉ፤ በኮምፒውተርም ያስተካክላሉ። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ብትወስዱ፣ በየሰው ስልክ የተነሣው ቀይ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ነገ ሥዕሉ ሲደበዝዝ አዳሹ የሚመለከተው እኛ የተውንለትን ፋይል ነው። በማያስተማምን ስክሪን ፊት ተቀምጦ «ይህ ቀይ ትንሽ ይድመቅ» ብሎ የሚነካካ ሰው ጥቁርና ነጩ ፊልም ያላደረሰውን ጉዳት ያደርሳል፤ ፊልሙ ዝም አለ እንጂ አልዋሸምና።

መለኪያ መሣሪያው ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ በወር ውስጥ የሚያስፈልገውም ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ድንኳን በየቤታችን አንገዛም፤ የእድር ድንኳን አለን። እንግዲህ ማኅበራችን አንድ መለኪያ ገዝቶ ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ቡሬ በየተራ እንዲዞር ያደርግ ዘንድ አሳስባለሁ፤ የተረካቢ መዝገቡን እኔ እይዛለሁ። በመጀመሪያው ዙር ላፕቶፕ ብቻ ያላችሁም አምጡት፤ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከል እንኳ ምን ያህል እንደሚያታልላችሁ በቁጥር ጽፈን እንመልስላችኋለን።