እንግዳው ሲሄድ ለባለቤቱ ምን ይቀራል?



ስለ ጥናት ጉብኝት ስንነጋገር ዘወትር የምንቆጥረው ተጓዡ ያተረፈውን ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ባለቤቱ መናገር እሻለሁ። ለጥናት የመጣ እንግዳ ሲሄድ በተቀበለው ማኅበረሰብ ዘንድ ምን ይቀራል?

አስቀድሜ እንግዳው ኢትዮጵያዊ ወደ ነበረበት ዘመን ልውሰዳችሁ። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ። በ1652 ደግሞ በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ መልሱም ይጻፋል። ከዚህ ወዳጅነት በ1681 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698ም የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተገኙ። አስተናጋጂቱ ሀገር ለዘመናት የሚዘልቅ የጥናት ዘርፍ አተረፈች። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ በባሕር ላይ አደጋ ሞቱ፤ ያዩትንና የተማሩትን ለወገናቸው ለማድረስ አልታደሉም።

ጎታ የተጠቀመችው ለምንድን ነው? እንግዳው መምህር ሆነው ስለ ተከበሩ፣ የተናገሩትም ባለቤቱ ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ ተጽፎ ስለ ቀረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ተቀባዮቹ እኛ ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የውጭ ሀገርና የራሳችንን ተማሪዎች ይዤ በጎጃም ወደሚገኝ አንድ ቅኔ ቤት ሄጄ ነበር። ለማረፊያና ለምግብ የከፈልነው ገንዘብ ለአስተናጋጆቻችን ጠቅሟል፤ ሆኖም ቶሎ ያልቃል። የበለጠው ጥቅም ሌላ ነበር። የቆሎ ተማሪን ሲንቁ የኖሩ የአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግዶቹን ለማስተርጎም መጡ፤ የየኔታን ማብራሪያ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሲቸገሩ የትምህርቱን ጥልቀት አዩ። በማግስቱ ማንም ሳይጠራቸው ተመለሱ። ለገዛ ሀብታቸው የውጭ ምስክር ማስፈለጉ ቢያሳዝነኝም፣ መመለሳቸው ግን አስደስቶኛል።

ስንሰናበት የኔታ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «የቀዳችሁትን ድምፅ ለእኛስ ማን ያሰማናል?» ቃል ገባሁ። ቅጂው ግን ሁለት ዓመት በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ። ይዤው ስሄድ የኔታ ዐርፈው ነበር። ደቀ መዛሙርታቸው ድምፃቸውን ሰምተው አለቀሱ። ከዚያም ከእኛ ጽሑፍ ጋር እያስተያዩ በስሕተት የገለበጥናቸውን ቃላት አንድ በአንድ አረሙልን። መመለሱ ለማኅበረሰቡ ብቻ ሳይሆን ለጥናቱም እንደሚበጅ ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። ለየኔታ ግን ዘግይቻለሁ።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ቅጂው በሚኒሶታ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የጥናቱ ጥያቄ ሲቀረጽ ተቀባዩ ማኅበረሰብ ማወቅ የሚሻውም ይካተት። ሁለተኛ፣ ያስተማሩን ሰዎች ፈቃዳቸው ከሆነ በስማቸው ይጠቀሱ። ሦስተኛ፣ ቅጂው በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሕይወት ሳሉ ይድረሳቸው።

የጉብኝት ዕቅድ ይዛችሁ ወደ ቢሮዬ ስትመጡ የመመለሻውን ቀን አስቀድማችሁ ጻፉ። የምላችሁ ወደ ቤታችሁ የምትመለሱበትን ሳይሆን ወደ አስተናጋጆቻችሁ የምትመለሱበትን ቀን ነው።