የእንስሳት መልክ ምርጫና የተሰወረው ጕዳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ በሚገባ ገልጸዋል። እኛ ደግሞ ከሥነ ሕይወት ትምህርታችን አንዲት ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄዋም፥ «ሰው ለዓይኑ ደስታ ብሎ የእንስሳን መልክ ሲመርጥ እንስሳው የሚከፍለው ዋጋ ምንድን ነው?» የምትል ናት።

ወደዚህ ጥያቄ የመራችን አንዲት ድመት ናት። በታችኛው ክፍል ሳለን ከወጥ ቤቱ አካባቢ የማትጠፋ ነጭ ድመት ነበረች። ጠጕሯ እንደ ተባዘተ ጥጥ የነጣ፥ ዓይኖቿም ሰማያዊ ስለ ነበሩ «ሙሽሪት» የሚል ስም አወጣንላት። ነገር ግን ሙሽሪት ብንጠራት አትመጣም፤ ብናፏጭላት ዘወር አትልም። እኛም «ኵራተኛ ናት፤ ንቃን ነው» እያልን እንስቅባት፥ አንዳንድ ጊዜም ጠጠር እንወረውርባት ነበር። አንድ ቀን ማገዶ ያመጣ የጭነት መኪና ወደ ኋላው ሲመለስ ሙሽሪት ፀሐይ እየሞቀች ተኝታ ነበር። ሁላችንም ጮኽን፤ እርሷ ግን ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። በዚያው ሞተች። ሙሽሪት ኵራተኛ ሳትሆን መስማት የተሳናት እንደ ነበረች የተረዳነው ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ ስለ ውርስ በምንማርበት ክፍል ተቀምጠን ሳለ ነው። በዚያን ቀን ከመካከላችን የሳቀ አልነበረም።

በዚያ ትምህርት እንዳወቅነው፥ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነ ነጫጭ ድመቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሰሙ ቻርልስ ዳርዊን በመጽሐፉ ጠቅሶት ነበር። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ የጠጕር ቀለምና የጆሮ መስማት ምን አገናኛቸው? ይህን ለማስረዳት ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው በአገራችን የማይረባ፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን በብዙ ቤቶች የሚገኝ ፌሬት የተባለ ትንሽ እንስሳ ነው።

ፌሬት አካሉ ረዘም ያለ፥ እግሩ አጭር፥ ሲያዩት ሙጭልጭላን የሚመስል ሥጋ በል እንስሳ ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ሰው ከአውሮፓ የዱር ዘመዱ ለይቶ ካለመደው ከ2000 ዓመት በላይ እንደ ሆነው ይነገራል። የጥንት ሥራው ጥንቸልን ከጕድጓዷ ማስወጣትና አይጥን ማሳደድ ነበር። የሰው ጉንፋን የሚይዘው እንስሳ በመሆኑም ለሕክምና ምርምር ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሊቃውንት የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ ለይተው ያወቁት በፌሬት አማካይነት ነው። ዛሬ ግን ፌሬት በአብዛኛው የሚያዘው ለሥራ ሳይሆን ለመጫወቻና ለደስታ ነው።

የፌሬት የተፈጥሮ መልክ ጥቁር ቡናማ ሆኖ በፊቱ ላይ እንደ ጭምብል ያለ ጥላ ያለበት ነው። ሰው ግን በዚህ አልረካም። ከግልገሎች መካከል አልፎ አልፎ የሚወለደውን እንግዳ መልክ እየለየ፥ እርስ በርሱ እያዳቀለ አበዛው። ከነዚህም ውስጥ ራሱ በሙሉ የነጣው «ፓንዳ» ይባላል፤ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ነጭ ሰንበር የወረደበት «ብሌዝ» ይባላል፤ ጠጕሩ የረዘመው ደግሞ «አንጎራ» ተብሏል። እንዲህ ያለው እንግዳ መልክ ገዢን ይስባል፤ ገዢ በበዛ መጠንም አርቢው ያንኑ መልክ አብዝቶ ለማስወለድ ይደክማል።

ታዲያ ጕዳቱ ምን ያህል ነው? በ2014 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በአውሮፓ በየቤቱ የሚኖሩ 152 ፌሬቶችን መስማት መረመረ። ምርመራው የሚደረገው ቀጫጭን ሽቦዎችን ከራስ ቆዳ ጋራ በማገናኘትና ለጆሮ ድምፅ እያሰሙ የአእምሮን መልስ በመሣሪያ በመመዝገብ ነው። ከ152ቱ ውስጥ 44ቱ መስማት የተሳናቸው ሆነው ተገኙ፤ ከነዚህም 34ቱ በሁለቱም ጆሮ፥ 10ሩ በአንድ ጆሮ አይሰሙም። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ዕድሉ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ነጭ ምልክት ካለባቸው 47 ፌሬቶች መካከል 41ዱ የማይሰሙ ሲሆኑ፥ የተለመደው መልክ ካላቸው መካከል ግን አንድም የማይሰማ አልተገኘም። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት ፓንዳዎችና ብሌዞች ሁሉ መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

ምክንያቱን ለማወቅ እንስሳው ገና በእናቱ ማሕፀን ወዳለበት ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል። ለጠጕርና ለቆዳ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት መጀመሪያ የሚገኙት በፅንሱ ጀርባ መስመር ላይ ነው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሆድ፥ ወደ እግር፥ ወደ ግንባር፥ ወደ ዓይንና ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይጓዛሉ። እነዚህን ሕዋሳት የሚመራው ዘረ መል ከተበላሸ መንገደኞቹ በመንገድ ይቀራሉ ወይም ቍጥራቸው ያንሳል። ከጀርባ የራቁት ግንባር፥ ደረትና እግር ቀለም ሳይደርሳቸው ነጭ ሆነው የሚቀሩት ስለዚህ ነው።

የነጣ ግንባር በራሱ ማንንም አይጐዳም። ጕዳቱ ያለው እነዚሁ ሕዋሳት ከጆሮ ሲቀሩ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ረቂቅ ሕዋሳት በፈሳሽ ተከበው ይኖራሉ። የዚያን ፈሳሽ የጨው ልክ በመጠበቅ የሚያግዙት ከጀርባ ተጕዘው የመጡት ባለ ቀለም ሕዋሳት ናቸው። እነርሱ ካልደረሱ ፈሳሹ ልኩን ያጣል፤ ድምፅ ተቀባዮቹም ግልገሉ ከተወለደ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፍ ይሞታሉ። አንዴ ከሞቱ ደግሞ መልሰው አይበቅሉም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን፥ «ታዲያ ዓይኑ ቀይ የሆነው ፍጹም ነጭ ፌሬትስ ለምን ይሰማል?» ብሎ ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነው። አልቢኖ በሚባለው እንስሳ ሕዋሳቱ ከሚፈለጉበት ቦታ ሁሉ ደርሰዋል፤ የጐደለው ቀለሙ ብቻ ነው። ሠዓሊው ከቤቱ ደርሶ ቀለም እንዳጣ ይቈጠራል። በፓንዳው ግን የቀረው ሠዓሊው ራሱ ነው። አልቢኖው የዓይኑ ኃይል ቢደክም እንኳ ጆሮው ጤነኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ ነጭ በመሆንና ባለመሆን የሚያበቃ አይደለም፤ ነጩ መልክ ከምን እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጕዳት የፌሬት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከዳልሜሽያን ውሾች መካከል ከመቶ 30 የሚሆኑት በአንድ ወይም በሁለት ጆሮ እንደማይሰሙ ታውቋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የፈረሱ ነገር ነው። በአሜሪካ ፔይንት ከሚባሉት ዥጕርጕር ፈረሶች አንዳንዶቹ ለመልካቸው ምክንያት የሆነውን ዘረ መል ይይዛሉ። ዘረ መሉ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ያማረ ፈረስ ይወለዳል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ግን በአማካይ ከአራት ውርንጭሎች አንዱ ከእናትም ከአባትም ይወርሰዋል። ይህ ውርንጭላ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ ይቆማል፤ ይጠባል። ነገር ግን ወደ አንጀቱ መጓዝ የነበረባቸው የነርቭ ሕዋሳት ስላልደረሱ የጠባው ወተት አያልፍም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ በሆድ ቍርጠት ይሞታል። የዚህ ምክንያት የሆነው ዘረ መል በ1998 ዓ.ም. ስለ ታወቀ ዛሬ ፈረሶችን ሳያዳቅሉ አስቀድሞ መመርመር ይቻላል። ስለዚህ አሁን «አላወቅንም» ማለት አይበቃም።

«መስማት የተሳነው ፌሬት በቤት ውስጥ በደስታ ይኖር የለምን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ባለቤቱ ካወቀለት በእጅ ምልክትና ወለሉን መታ መታ በማድረግ ሊያስተምረው ይችላል። የሚያስቸግረው አለመታወቁ ነው። የፌሬት ግልገል ሁሉ ሲወለድ ዓይኑ የተከደነ፥ ጆሮውም የማይሰማ ስለ ሆነ፥ ጤነኛውም እንኳ መስማት የሚጀምረው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያም በኋላ የማይሰማው ግልገል ወንድሞቹ ሲሮጡ አይቶ ይሮጣል፤ ሲነቁ ይነቃል። ገዢው ወደ ቤቱ ሲወስደው ግን ቢጠሩት አይመጣም፤ ተኝቶ ሳለ ቢነኩት ደንግጦ ይነክሳል። ያን ጊዜ «እልከኛ ነው፤ ክፉ ነው» ይባላል፤ ይመታል፤ ወይም ይጣላል። እኛ በሙሽሪት ላይ የፈረድነውን ፍርድ እርሱም ይቀበላል።

ከጆሮው ሌላ ደግሞ የዝምድና ነገር አለ። እንግዳ መልክ ያላቸው እንስሳት መጀመሪያ ጥቂት ስለ ሆኑ አርቢው ወንድምን ከእኅት፥ አባትን ከልጅ ያዳቅላል። ማንኛውም እንስሳ ከእናቱና ከአባቱ የወረሳቸው የተሰወሩ ጕድለቶች አሉት። ዘመዳሞች ሲገናኙ ተመሳሳይ ጕድለት ከተመሳሳይ ጕድለት ጋራ ይጣመርና ተሰውሮ የነበረው ይገለጣል። ግሪጎር ሜንዴል የተባለው መነኵሴ በአተር ላይ ያደረገውን ምርምር በ1866 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ የዚህ ሕግ መንገድ ለሰው ልጅ ክፍት ሆኗል።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንድትሰሙን እንለምናለን። በሰውም ዘንድ ከግንባሩ ነጭ ጠጕር፥ ሰማያዊ ዓይንና የመስማት ችግር ይዞ የሚወለድ አለ። የሆላንድ የዓይን ሐኪም የነበሩት ዋርደንበርግ ይህን በ1951 ዓ.ም. በዝርዝር ስለ ገለጹት በስማቸው ይጠራል፤ በማናቸውም የሰው ዘር ይገኛል። እንዲህ ሆኖ የተወለደ ወንድማችን ወይም እኅታችን እንደ ማንኛችንም ክቡር ነው፤ የሚገባውም ትምህርትና ፍቅር ነው። የምንወቅሰው የተወለደውን ፍጡር አይደለም። የምንወቅሰው እንስሳው እንደሚጐዳ እያወቀ ለገበያ ብሎ የሚያስወልደውን ሰው ነው።

መልክ እየመረጡ ማርባት አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው ያዕቆብ ከላባ መንጋ ለደመወዙ የጠየቀው ዝንጕርጕሩንና ነቍጣ ያለበትን ነበር። በእኛም አገር ለበዓል ዶሮ የሚገዛ ሰው ከክብደቱ ጋራ መልኩን ያያል፤ ቀዩ ከጥቁሩ ይልቅ ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ኀጢአት ነው አንልም። ነገር ግን አባቶቻችን «ጥቁር ላም ነጭ ወተት ትሰጣለች» ሲሉ ከቆዳው አልፎ ማየት እንደሚገባ አስተምረውናል። ከመካከላችን ወደ ግብርናና ወደ እንስሳት ሕክምና ትምህርት ለመሄድ የሚያስቡ አሉ። ነገ የትኛው ኰርማ፥ የትኛው አውራ ዶሮ ዘር ይተካ ብለው የሚመርጡ እነርሱ ይሆናሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚገዛ ሰው ከመልኩ በፊት ስለ ጤናውና ስለ ወላጆቹ ይጠይቅ። የሚያረባ ሰው የማይሰማውን እንስሳ በፍቅር ያኑር እንጂ ለዘር አያውለው፤ ዘመዳሞችንም አያዳቅል። መንግሥታትም ሕግ ያውጡ፤ በጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ በልጆቹ ላይ ሥቃይ እንደሚያመጣ የታወቀውን ማዳቀል ይከለክላልና፥ ይህ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን! «ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። እኛ በሙሽሪት ላይ በዓይናችን ብቻ ፈርደን ተሳስተናል። ዛሬ ይቅርታ ብንላት አትሰማንም፤ በሕይወት ሳለችም አትሰማንም ነበር። ስለዚህ ይቅርታችንን የምንገልጠው በሚመጣው ሥራችን ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ማንኛውንም ፍጡር «እልከኛ» ከማለታችን በፊት፥ ይሰማን እንደ ሆነ አስቀድመን ለመጠየቅ ቃል እንገባለን።